ኳሱ ሲቆም ደመወዙ ለምን አልቆመም?

አወያይ
ጤና ይስጥልኝ። የዚህ ሳምንት መከራከሪያችን ሁለት አባሎቻችን ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ ይዘው የጀመሩት፣ ሻዩ ቀዝቅዞም ያላለቀ ጭቅጭቅ ነው። ወረርሽኙ ካለፈ ዓመታት ቢቆጠሩም የከተማ ክለቦች በጀት በተነሣ ቁጥር ይኸው ነገር አብሮ ይነሣል። ጥያቄው፦ በኮሮና ጊዜ ውድድር ሲቋረጥ፣ በሳምንት መቶ ሺህ ፓውንድና ከዚያ በላይ የሚከፈላቸው ተጫዋቾች ደመወዛቸውን እንዲቀንሱ መገደድ ነበረባቸው ወይ?

ለረሳ ሰው ላስታውስ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የተቋረጠው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው፤ በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተነገረውም በዚያው ዕለት ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ሥራ ላቆሙ ሠራተኞች ከደመወዛቸው 80 በመቶውን፣ በወር እስከ 2,500 ፓውንድ፣ ከሕዝብ ግምጃ ቤት እሸፍናለሁ አለ። እንዲዘጉ የተገደዱ ምግብ ቤቶችና ሱቆች በተሰለፉበት ሰልፍ ላይ ቶተንሃም፣ ሊቨርፑልና ኒውካስልም ተሰለፉ። የጤና ሚኒስትሩ ማት ሃንኮክ ደግሞ መጋቢት 24 ቀን መግለጫ ላይ ወጥተው የሊጉ ተጫዋቾች ደመወዛቸውን ይቀንሱ፣ የድርሻቸውንም ይወጡ አሉ። ክርክሩ ከዚህ ይጀምራል። ስድብ ክልክል ነው፤ የክለብ ፍቅር ይፈቀዳል።

ባለማሳያ ቤቱ (ደብረ ሲና)
እኔ አልሸፋፍንም፤ ስግብግብነት ነው። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል የኳስ ማሳያ ቤቴን ዘጋሁ። አግዳሚዎቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደራርቤ፣ ቴሌቪዥኑን በጋቢ ሸፍኜ ቁልፉን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ቅዳሜና እሑድ በሬ ላይ ሻይና ቆሎ የምትሸጠው ሴትም ከእኔ ጋር ሥራ ፈታች። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ አከራይ ኪራይ እንዳይጨምር፣ ተከራይም እንዳያስወጣ ከለከለ እንጂ ኪራዩን ይቅር አላለልኝም። ለፋሲካ ከገዛኋት በግ ሽያጭ ነው የከፈልኩት፤ በዓሉን በሽሮ አሳለፍነው።

በዚያው ሰሞን በሳምንት 350,000 ፓውንድ ይከፈለዋል የሚባለው የአርሰናሉ ተጫዋች ኦዚል አልቀንስም አለ። ክለቡ የጠየቀው 12.5 በመቶ ብቻ ነበር። እኔ ከሌለኝ ላይ ስከፍል እርሱ ከተረፈው ላይ እምቢ ካለ፣ ስግብግብነት ያልሆነ ምን ይባላል? ስለ ውልና ስለ ሕግ የሚያስተምረኝ ሰው መጀመሪያ ይህንን ይመልስልኝ።

መድፈኛው (ደብረ ብርሃን)
ኦዚልን ብቻ ነጥለህ አታንሣ። ሰውየው ያለው ገንዘቡ የት እንደሚገባ ይነገረኝ ነው። በኋላ የሆነውን ተመልከት፦ ሌሎቹ ተጫዋቾች ቅነሳውን ተቀበሉ፤ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ክለቡ 55 ሠራተኞች ለማሰናበት ማቀዱን አስታወቀ። መስከረም 25 ቀን 2013 ተጫዋቹን ቶማስ ፓርቴይን በ45 ሚሊዮን ፓውንድ አስፈረመ። በዚያው ቀን ደግሞ የዳይኖሰር ልብስ ለብሶ ለ27 ዓመታት ሕፃናትን ያጫወተው ሠራተኛ መሰናበቱ ተሰማ። የእርሱን ደመወዝ እኔ እከፍላለሁ ብሎ የወጣው ማን ነበር? ያው ስግብግብ ያልከው ኦዚል። እኔ ደጋፊያቸው ነኝ፤ ያኔ ግን በክለቤ አፍሬ ማልያውን ለብሼ መውጣት ከብዶኝ ነበር።

የሒሳብ ሠራተኛ (ደብረ ብርሃን)
ሻዩን ካቀዘቀዙት ሁለቱ አንዱ እኔ ነኝ፤ ሌላው ከላይ ጽፏል።

ስሜቱን ትቼ ገንዘቡን ልከተል። ተጫዋች ደመወዙን ሲቀንስ የተቀነሰው ገንዘብ ወደ ሆስፒታል አይሄድም፤ በክለቡ ካዝና ይቀራል። ካዝናው የባለቤቱ ነው። እንዲያውም በግብር የሚተዳደረው ሆስፒታል ይጎዳል። እንግሊዝ ውስጥ ከፍተኛ ተከፋይ ከላይኛው የገቢ እርከን 45 በመቶውን ለግብር ይከፍላል። የተጫዋቾቹ ማኅበር ያኔ ባወጣው ስሌት መሠረት፣ ሁሉም ለአንድ ዓመት 30 በመቶ ቢቀንሱ ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከደመወዝ ይቀራል፤ መንግሥትም ከ200 ሚሊዮን በላይ ግብር ያጣል። ሚኒስትሩ ለሐኪሞቹ የሚሆን ገንዘብ ፈለጉ፤ የጠቆሙት መንገድ ግን ከሐኪሞቹ ወስዶ ለባለቤቶች የሚሰጥ ሆነ።

ባለቤቶቹን ደግሞ እንያቸው። ቶተንሃም መጋቢት 22 ቀን ኳስ የማይጫወቱ 550 ሠራተኞቹን ደመወዝ በ20 በመቶ እቀንሳለሁ፣ የመንግሥቱንም ድጎማ እጠቀማለሁ አለ። ሊቀ መንበሩ ዳንኤል ሌቪ በቀደመው የሒሳብ ዓመት 7 ሚሊዮን ፓውንድ እንደተከፈላቸው የታወቀው በዚያው ሰሞን ነው። የክለቡ የያኔው ባለጸጋ ባለቤት ጆ ሉዊስ መኖሪያቸው ባሃማስ ነበር። ሊቨርፑል 42 ሚሊዮን ፓውንድ ትርፍ ማግኘቱን ካስታወቀ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው የድጎማውን ሰልፍ ያዘ፤ ደጋፊው ሲጮህበት በሁለት ቀን ውስጥ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ቶተንሃምም ዘግይቶ ተመለሰ። ልብ በሉ፤ ሚኒስትሩ ከእነዚህ ባለቤቶች የአንዱንም ስም አልጠሩም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይኸው ነው። የተጫዋች ደመወዝ በየጋዜጣው ስለሚጻፍ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የባለቤቱን ሀብት የሚያውቀው ሒሳብ አዋቂው ብቻ ነው።

የመንዟ መምህርት (መሐል ሜዳ)
ወንድሜ፣ የግብሩ ክርክር ትክክል ነው፤ ለተጫዋቾቹ ግን በጣም ይመቻቸዋል። ግብር የሚከፍል ሁሉ ስለ ግብሩ ምስጋና አይጠይቅም። እኔም ከመምህር ደመወዜ ላይ ሳልጠየቅ ይቆረጥብኛል።

ደግሞም ሌላው ዓለም መንገድ አላጣም። የባርሴሎና ተጫዋቾች 70 በመቶ ቀነሱ፤ የክለቡ ሌሎች ሠራተኞች ሙሉ ደመወዛቸውን እንዲያገኙም ከራሳቸው ጨመሩ። ሜሲ ይህንን ሲገልጽ፣ ለመቀነስ ፈቃደኞች ሆነን ሳለ ከክለቡ ውስጥ ሆኖ ሊጎተጉተን የሞከረ ሰው አለ ብሎ ቅሬታውን ጨምሮበታል። የዩቬንቱስ ተጫዋቾችና አሰልጣኛቸው የአራት ወር ክፍያ ተደራደሩ፤ ክለቡ 90 ሚሊዮን ዩሮ ቀለለት። በጀርመን ባየርን፣ ዶርትሙንድ፣ ላይፕዚግና ሌቨርኩሰን ለሌሎች ክለቦች 20 ሚሊዮን ዩሮ አዋጡ። የእንግሊዞቹ ግን ሊጉ ከቆመ ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀር ድረስ ሲመካከሩ ቆዩ። የሊቨርፑሉ አምበል ሄንደርሰን የመራው መዋጮ ለሆስፒታሎች ይፋ የሆነው መጋቢት 30 ነው። መልካም ሥራ ነው፤ ግን ሚኒስትሩ ባይናገሩ ይመጣ ነበር ወይ? እኔ እጠራጠራለሁ።

የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰኔ 8 ቀን የማንቸስተር ዩናይትዱ ተጫዋች ማርከስ ራሽፎርድ ለእንግሊዝ ምክር ቤት አባላት ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ምሳ የሚያጡ ልጆች በክረምቱም በሳምንት የ15 ፓውንድ ኩፖናቸው እንዲቀጥል ጠየቀ። መንግሥት መጀመሪያ አይሆንም አለ፣ በማግሥቱ እሺ አለ። 1.3 ሚሊዮን ያህል ልጆች ተጠቀሙ። ሁሉም አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን አፈርኩ። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት፣ ያውም በልጅነቱ በትምህርት ቤት ምሳ ያደገ፣ ካልለመነ አገር ልጆቿን አታበላም ማለት ነው? ራሽፎርድ ቢጎዳና ከሜዳ ቢርቅ፣ ዝናውም ቢደበዝዝ፣ ልጆቹስ? የእኛም ትምህርት ቤቶች ያኔ ተዘግተው ነበር። ከተማሪዎቼ ከብት ጥበቃ ገብቶ የቀረ አለ፤ ተድራ የቀረች አለች። ስለ እነርሱ የሚጽፍ ዝነኛ ተጫዋች አልነበረንም።

ባለማሳያ ቤቱ
መምህርት፣ እግዜር ይስጥሽ። እኔ በአንድ አረፍተ ነገር ያልኩትን አንቺ አስረዳሽልኝ።

የመንዟ መምህርት
አላስረዳሁልህም! አንተ ስግብግብ ናቸው አልክ፤ እኔ ዘገዩ አልኩ። ደግሞ ይገደዱ አላልኩም። መገደድ ያለበት መንግሥት ነው።

የቀድሞ ተከላካይ (አንኮበር)
ልጆች፣ እኔ በፋብሪካ ቡድን ስጫወት ደመወዜ የፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዝ ነበር፤ ለኳሱ የሚጨመርልን ትጥቅና የልምምድ ቀን ምሳ ነው። ስለዚህ የሚሊዮን ደመወዝ ምን እንደሚያደርግ ከልምዴ ልነግራችሁ አልችልም። ግን ዕድር ለብዙ ዓመታት መርቻለሁ።

በዕድር ወርሃዊው መዋጮ ለሀብታሙም ለድሃውም እኩል ነው። ያልከፈለ ይቀጣል። ባለ ወፍጮው ድንኳን ልግዛ ሲል እንመርቀዋለን፤ ካልገዛ ግን አንቀጣውም፣ በስብሰባም ስሙን አናነሣም። ሁለቱን ያደባለቀ ዕድር ሲፈርስ አይቻለሁ። ሀብታሙ ስጦታው ግዴታ ሲሆንበት ይወጣል፤ ድሃው ደግሞ ሀብታሙ አለልን ብሎ መዋጮውን ይተዋል። ሚኒስትሩ ያደረጉት ይህንን ነው። ግዴታን ከፈለጉ በግብር ሕግ ይጻፉት፤ ለተጫዋቹም፣ ለባንክ ባለቤቱም፣ ለክለቡ ሊቀ መንበርም። ለአንድ ሙያ ብቻ ለይቶ በቴሌቪዥን ስጡ ማለት ሕግም ምጽዋትም አይደለም።

ደግሞ ወንጌሉ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ይላል። ብዙዎቹ ሰጥተው ዝም ብለው ይሆናል፤ ሳዲዮ ማኔ ለአገሩ ለሴኔጋል 30 ሚሊዮን ሴፋ ፍራንክ ሲሰጥ ማን ገፋው? ዝም ያለውን ሁሉ ንፉግ ማለት ደስ አይለኝም። የተናገረውን ሁሉ ቸር ማለትም እንዲሁ።

መድፈኛው
ጋሼ፣ ሐሳብዎን እቀበላለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ይፍቀዱልኝ። ሀብታሙ ሊግ በዚያ ክረምት ምንም እንዳልሆነ ነበር የተገበያየው። የሊጉ ክለቦች በዝውውር ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ አወጡ፤ ቼልሲ ብቻውን ከ200 ሚሊዮን በላይ። እንደገና ሚያዝያ 2013 ላይ ስድስቱ የእንግሊዝ ክለቦች ከስፔንና ከጣሊያን ስድስት ክለቦች ጋር ሆነው ሱፐር ሊግ የሚባል የራሳችንን ውድድር እናቋቁማለን አሉ። ሰበባቸው ወረርሽኙ ኪሳችንን አራቆተው ነበር! ደጋፊው አደባባይ ወጥቶ በሁለት ቀን በተነው። ስግብግብነትን ለሚፈልግ ሰው እዚያ ሞልቷል፤ ከፈረሙት መካከል አንድም ተጫዋች አልነበረም።

የሒሳብ ሠራተኛ
እውነቱን ለመናገር ክለቦቹም ሙሉ በሙሉ አልዋሹም። ሊጉ ጨርሶ ካልተመለሰ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች 762 ሚሊዮን ፓውንድ ሊመልስ ይችላል ተብሎ ነበር። ባርሴሎናንም ያ ሁሉ የደመወዝ ቅነሳ አላዳነውም። ዕዳው ከ1 ቢሊዮን ዩሮ አልፎ ነሐሴ 2013 ላይ ሜሲን ራሱን ማስፈረም አቅቶት ሸኘው። በሽታው ቀድሞ የነበረ ነው፤ ገቢያቸው እየጨመረ በሄደ ቁጥር ሁሉንም ለደመወዝና ለዝውውር አውጥተው ለክፉ ቀን አንድ ወር እንኳ የሚያቆይ አላስቀመጡም። መምህርት ስለ ባርሴሎና ስታመሰግኚ ይህንንም ጨምሪበት።

አሰልጣኝ (ሸዋ ሮቢት)
ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። ለንደንና ባርሴሎና ደህና ሁኑ፤ እኔ ወደ ቤት ልመልሳችሁ።

የእኛ ፕሪሚየር ሊግ ሚያዝያ 2012 መጨረሻ ላይ ተሰረዘ። ሻምፒዮን የለም፣ ወራጅ የለም። የታችኞቹም ሊጎች አብረው ቀሩ። ከእኔ ዘንድ ወጥቶ በሌላ ክልል የታችኛው ሊግ ክለብ ይጫወት የነበረ ግብ ጠባቂ ነበር። መጋቢት ላይ ካምፑ ሲዘጋ ለሁለት ሳምንት ነው፣ እንጠራችኋለን ብለው አሳፈሯቸው። የየካቲት ደመወዝ ያኔም አልተከፈለም ነበር። ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦት አለፈ። ልጁ እዚህ ሸዋ ሮቢት የሽንኩርት ጆንያ በመኪና እየጫነ በቀን ሒሳብ መሥራት ጀመረ። ትከሻውን ጆንያው ልጦት በልምምድ ላይ ኳስ ሲወረውር ፊቱ ይኮማተር ነበር። ክስ መሥርት አልኩት። ውልህን አምጣ ስለው የለኝም አለ። ውል በሦስት ቅጂ ይፈረማል፦ ለክለቡ፣ ለፌዴሬሽኑ፣ ለተጫዋቹ። የእርሱ ቅጂ ማኅተም እስኪመታበት ተብሎ ቢሮ ቀረ፤ ያው እንደቀረ ነው። ለዚህ ልጅ ተጫዋቾች ደመወዛቸውን ይቀንሱ ብትሉት የትኛውን ደመወዝ ይላችኋል።

እዚህ አገር ስግብግብ ማን ነው ካላችሁ መልሱ ይከብዳል፤ አብዛኛው ክለብ የሚተዳደረው በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት ነውና ባለቤት የሚባል ሰው የለም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የፕሪሚየር ሊግ ተጫዋች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50,000 ብር ይሁን ብለው ክለቦቹ ተስማሙ። ጣሪያው ከወጣ በኋላ ከጣሪያው በላይ በጓሮ በር እየተከፈለ ነው ሲባል ያልሰማ የኳስ ሰው የለም። በወረቀት ያለው ሳይከፈል ወረቀት ላይ የሌለው ይከፈላል። ለአንዱ ታዋቂ አጥቂ ሁለት እጥፍ፣ ለግብ ጠባቂው የአምስት ወር ዕዳ።

የመንዟ መምህርት
አሰልጣኝ፣ ለልጁ አዘንኩ። ጥያቄዬ ግን ጨካኝ ነው፤ ይቅርታ። ያ በጀት የሕዝብ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ አንድ ከተማ ለጤና ጣቢያዋ የእጅ ጓንትና ሳሙና ማሟላት አቅቷት ሳለ፣ ውድድር ለሌለበት ወር ለተጫዋች ደመወዝ ይክፈል ትላለህ? እኔ የከተማ ምክር ቤት ብሆን እጄን አላወጣም ነበር።

አሰልጣኝ
የአንቺ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ደመወዝሽ ተቋረጠ?

የመንዟ መምህርት
አልተቋረጠም። ገባኝ፤ ግን መምህርና ኳስ ተጫዋች አንድ ናቸው ወይ?

አሰልጣኝ
በሕግ ፊት ሁለቱም ደመወዝተኞች ናቸው። ያ የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ቀጣሪ ሠራተኛ እንዳያሰናብት የከለከለ ጊዜ፣ የእኛን ልጆች ሠራተኛ ብሎ የቆጠራቸው አልነበረም። ከተማዋ ክለብ አያስፈልገኝም ካለች መስከረም ላይ ትበል፤ ይገባኛል፣ እኔም ከአንቺ ጋር እጄን አወጣለሁ። ካስፈረመች በኋላ ግን ዕዳ ነው። ጓንት ስለጠፋ የጥበቃውን ደመወዝ አትከለክይም።

ባለማሳያ ቤቱ
ከዚህ ላይ እስማማለሁ። የሽንኩርት ጫኙና የኦዚል ነገር ግን በአንድ ጥያቄ ውስጥ መግባት አልነበረበትም፤ አወያያችን አደባለቀብን። በ350,000 ፓውንድ ላይ ያለኝ ሐሳብ አልተለወጠም። የዕድሩን ነገር ጋሼ ጥሩ አድርገው አስረዱ፤ እኔ ግን በዕድራችን ባለ ወፍጮው ድንኳኑ ተቀዶ እያየ ዝም ካለ ስሙን አነሣለሁ። ቅጣት የለውም፣ ሐሜት ግን አለው!

የቀድሞ ተከላካይ
ሐሜቱንማ ማን ይከለክልሃል።

የሒሳብ ሠራተኛ
ታኅሣሥ 2013 ላይ የእኛም ፕሪሚየር ሊግ በዲኤስቲቪ መታየት ጀምሮ ነበር፤ ለአምስት ዓመት 22.5 ሚሊዮን ዶላር የተፈረመበት ነው። ለላይኛው ሊግ እንኳ የራሱ ገቢ መጥቶለት ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ሌላ ወረርሽኝ እስኪመጣ ከምንጠብቅ በተጫዋች ውል ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር፦ ውድድር ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሲቋረጥ ለስንት ወር፣ ስንት በመቶ ይከፈላል? ቅነሳው ከከፍተኛ ተከፋይ ይጀምር፤ ከተወሰነ ደመወዝ በታች ያለው አይነካ።

የመንዟ መምህርት
ከክለቡ ቦርድ አበልም ይጀምር።

አሰልጣኝ
መምህርት፣ ውሉን የሚያዘጋጀው ቦርዱ ነው እኮ፤ በራሱ አበል ላይ ሲጽፍ አይታየኝም። ግን ይሞከር። በመጪው የዝውውር ጊዜ ከእኔ ዘንድ ሦስት ልጆች ወደ ክለብ ሊገቡ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ፣ አንቀጹን በአጭሩ ጻፍልኝና ሲፈርሙ አብሬያቸው ይዤ እሄዳለሁ። የየራሳቸውን ቅጂ ሳይዙ ከቢሮ አይወጡም። ክለቡ አንቀጹን እምቢ ካለ ያለውን ምክንያት እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።

የሒሳብ ሠራተኛ
ዛሬ ማታ እልክልሃለሁ። የአበሉንም ነገር አስገባዋለሁ፤ እነርሱ ይሰርዙት።